የሦስተኛዋ አንባቢ ቅሬታ

ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ ሦስታችንም አጨበጨብን። ማንም በጠመንጃ አላስገደደንም። ኤዶም የምትባለው የፊልም ድርጅቱ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ፈገግ ብላ ስታየን እጃችን በራሱ ተነሣ።

«ደከማችሁ አይደል?» አለችን። «አሁን ምንም እንዳትነግሩኝ። መጀመሪያ ምሳ።»

ድሮ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ «መጽሐፉ ይሻላል» ይል ነበር። ፊልም ሠሪዎች በዚህች ቃል ስንት ዘመን ተቃጠሉ። በተለይ ሳይንሳዊ ልቦለድ የሚወድ አንባቢ አስቸጋሪ ፍጥረት ነው። የመንኮራኩሩ በር በየት በኩል እንደሚከፈት ያስታውሳል፣ ዋናዋ ሴትዮ መነጽር ታደርግ እንደነበር ያስታውሳል፣ ከዚያ ይቀየማል። በመጨረሻ ፊልሙን ከማሻሻል መጽሐፉን ማረም የሚቀል ሆኖ ተገኘ። አሁን አንድ ልቦለድ ፊልም ሲሠራለት በሁሉም ሰው የንባብ ሰሌዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ፊልሙን እንዲመስል ይታረማል፤ «ማስማማት» ይሉታል። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። የድሮውን መጽሐፍ ያነበቡ ሦስት ሰዎች ፊልሙን አይተው «ቅሬታ የለኝም» ማለትና መዳፋቸውን እንደ ፊርማ በፈቃድ ሰሌዳ ላይ ማሳረፍ አለባቸው። አንዱ እንቢ ካለ ፊልሙ አይወጣም፣ መጽሐፉም እንዳለ ይቆያል።

እንቢ ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱ ምሳው ነው።

ኤዶም እጇን ታጥባ መጥታ መሐላችን ተቀመጠችና አንድ በአንድ አጎረሰችን። ያጎረሰችህን ልጅ፣ ያውም «በሞቴ» ብላ፣ ፊልምሽ አልረባም እንዴት ትላታለህ? ከጎኔ የነበሩት ጡረተኛ አስተማሪ ጨለማው ውስጥ «ኧረ በስመ አብ» እያሉ ሲያጉተመትሙ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ። ጉርሻውን ከዋጡ በኋላ ግን አፋቸውን ጠርገው «ተደክሞበታል» አሉ። ሁለተኛዋ ሴትዮም «ልብሱ በጣም ያምራል» አለች። ሁለቱም መዳፋቸውን አሳረፉ።

ኤዶም ሰሌዳውን ወደ እኔ አዞረች።

«እኔ ቅሬታ አለኝ» አልኩ።

አስተማሪው ሳህናቸውን ማየት ጀመሩ።

«የቱ ጋ ነው እትዬ ሜላት? ይንገሩንና እናስተካክለዋለን» አለችኝ ኤዶም፤ ፈገግታዋ አልጠፋም።

«ልጅቷ ሞታለች።»

«የትኛዋ?»

«ፀዳለ። መጽሐፉ ላይ ሞታለች። እናንተ ድራችኋታል።»

«እሱማ…» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ይከፋዋል እኮ።»

«ይክፋው» አልኩና ተነሣሁ።

የመጽሐፉ ስም «ጨው ጣቢያ» ነው። ማርስ ላይ ጨው የሚቆፍሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ፀዳለ የጣቢያው ሬዲዮ ሠራተኛ ናት፤ መሐል ላይ አደጋ ደርሶባት ትሞታለች። ባልደረቦቿ መተሐራ ላለችው እናቷ መርዶውን መንገር ያቅታቸዋል። የተቀዳ ድምፅዋን እየቀጣጠሉ «ደህና ነኝ እማዬ» የሚል መልእክት በየጊዜው ይልኩላታል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሽማግሌዎች ማለዳ የእናቲቱን በር ያንኳኳሉ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እናቲቱ «ድምፅዋን ስትልኩልኝ ከርማችኋል፤ አሁን ዝምታዋን ስጡኝ» ትላቸዋለች። እዚያ ላይ ያልቃል።

ፊልሙ ላይ ፀዳለ ከአደጋው ትተርፋለች፣ ከመሐንዲሱ ጋር ትዋደዳለች፣ ከበሮ እየተመታ መተሐራ ላይ ታርፋለች። እናቲቱን የሠራችው ተዋናይ ከልጅቷ በዕድሜ የምታንስ ትመስላለች። ቀይ ቀለም ተመልካች ይረብሻል ተብሎ ማርስን ሰማያዊ አድርገዋታል። ይህ ሁሉ ያናድዳል፤ ግን ለዚህ ብዬ ከሰው አልጣላም ነበር። የተጣላሁት ለመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

አባቴ የሞተው እኔ ልጄን ሶልያናን አርግዤ ሳለሁ ነው። ዘመዶቼ ተማክረው ደበቁኝ። መደበቁ አዲስ ነገር አይደለም፤ በእኛ አገር ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ጊዜና ሰው ይመረጥለታል። አዲሱ ነገር አባቴ በየእሁዱ ይደውልልኝ የነበረ መሆኑ ነው። አክስቴ የተቀዳ ድምፁን፣ የሞተን ሰው አስመስሎ ለሚደውል አንድ አገልግሎት ሰጥታ አስቀጥላዋለች። ስለ ሆዴ ይጠይቀኛል፣ ጉልበቱን ያማርራል፣ እስቃለሁ። ልጄ ተወልዳ ክርስትና ከተነሣች በኋላም ሊነግረኝ የሚደፍር ጠፋና ጥሪው ቀጠለ። ያወቅኩት እዚሁ አዳማ፣ ፋርማሲዬ ውስጥ ቆሜ ነው። አንድ የአገራችን ሰው የደም ግፊት ክኒን ሊወስድ መጥቶ «አባትሽን ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ» አለኝ።

የዚያ እሁድ ስልኩ ጮኸ። «ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ። ዘጋሁት። ከዚያ ለብዙ ወራት ማልቀስ አቃተኝ። መቼ እንደሞተብኝ አላውቅማ! የሞተበትን ቀን ሲነግሩኝ ያን ቀን አባቴን አላጣሁትም፤ ሳወራው ከርሜያለሁ። በዚያ ሰሞን ነው «ጨው ጣቢያ» እጄ የገባው። የተጻፈው እንዲህ ያለ አገልግሎት ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ያኔ ልቦለድ ነበር። የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብቤ ስጨርስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ለአባቴ አለቀስኩለት። በዚያ ሁሉ ጊዜ መርዶዬን ያረዳኝ ያ መጽሐፍ ብቻ ነው። የወረቀት ቅጂዬ የድሮው ሰፈራችን ሲፈርስ ጠፍቷል፤ የቀረው ሰሌዳው ላይ ያለው ነው።

ከምሳው በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። በየቤቱ ባለው ተናጋሪ ግድግዳ ላይ «ጨው ጣቢያ በአንዲት አንባቢ ቅሬታ ምክንያት ዘግይቷል» የሚል ማስታወቂያ ይወጣ ጀመር። ስሜን አልጻፉም፤ አላስፈለጋቸውም። የፊልሙ ምርቃት አዳማ ላይ ሊሆን ስለነበር ሆቴሎቹ ተዘጋጅተው ጠበቁ፣ ሰፈሩም ልብስ አሰፋ። ደንበኞቼ መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሳያመሰግኑ ይወጡ ጀመር። አንዷ «አንቺ ሰው ሲደሰት ምንሽን ያምሻል?» አለችኝ፤ ያውም ለራስ ምታቷ የሚሆን ክኒን እየቆጠርኩላት።

ሶልያና ከድሬዳዋ ደወለች።

«እማ፣ ፊልም ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ሦስተኛ አንባቢ ለምን አይፈልጉም?»

«የለማ። የድሮውን ያነበበ ሰው አልቋል። እኔንም ያገኙኝ በስንት መከራ ነው።»

«እየፈራሁልሽ ነው» አለችኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ።

በዚህ ዘመን በር የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ግድግዳው ነው እንግዳ የሚያስታውቀው። በእጅ፣ ቀስ ተብሎ፣ በዚያ ሰዓት ሲንኳኳ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ሶልያና ሞተችብኝ ብዬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል።

«ማን ሞተ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ማንም አልሞተም፤ ኧረ ተረጋጊ!» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፣ የእድራችን ሊቀመንበር። አፍረዋል። «ሥራ ሳትገቢ እናግኝሽ ብለን ነው። ሰዓቱን የመረጡት እነሱ ናቸው።»

ከበስተኋላቸው የድርጅቱ መኪና ቆሟል። ኤዶም ውስጡ ተቀምጣ ታየኛለች። ይህች ልጅ ሽማግሌ መላክ ትልቅ ነገር መሆኑን ሰምታለች፤ ሽማግሌ በዚህ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ ግን የነገራት የለም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

ገቡ። አልተቀመጡም።

«ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ሁለተኛው፣ ጋሽ ናታን የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ። ሰሌዳውን በጋቢያቸው ሥር ይዘውታል። ወጉን አውቃለሁ፤ የሽማግሌ እግር ቆሞ እንቢ ማለት ነውር ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ ግን ከሁሉም ያረጁ ናቸው። ከጋቢው ሥር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ ከዘራቸውን ተደግፈዋል።

«እሳቸው ጋሽ ናሆም ናቸው» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «መጽሐፉን የጻፉት።»

በሕይወት እንዳሉ እንኳ አላውቅም ነበር። እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ አልሰጥም አሉኝ።

«እርስዎማ ያውቃሉ» አልኳቸው። «ያደረጉትን አይተውታል። እንዴት ዝም ይላሉ?»

«አይቻለሁ። የኔ ሰሌዳ ላይ ቀድመው አርመውልኛል፤ ለደራሲው ቀድመው ነው የሚሰጡት። በየቀኑ አነበዋለሁ።»

«እና?»

«ትመለሳለች» አሉኝ። ፊታቸው በራ።

ከዚያ ቆመው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነገሩኝ። ፀዳለ ልጃቸው ናት። እውነተኛ ስሟ ሄራን ነበር። የሞተችው እሳቸው ውጭ አገር ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ቤተሰቡ ደበቃቸው። ሲመለሱ ኤርፖርት ትቀበለኛለች ብለው ዙሪያውን በዓይናቸው ፈለጓት፤ መኪና ውስጥም ማንም አልነገራቸውም። ቤት ሲደርሱ ድንኳኑ እንኳ ተነቅሏል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል። ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ ነበር።

«ለኔ መርዶ የነገረኝ የለም» አሉ። «ስለዚህ ለእናቲቱ ጻፍኩላት። አሁን ግን አርጅቻለሁ ልጄ። ፊልሙ ላይ ፊቷን ከፎቶዋ ወስደውታል። እንደ ሄራን ነው የምትስቀው። አንቺ እንቢ ካልሽ የኔም ሰሌዳ ወደ ድሮው ይመለሳል። ዛሬ ስከፍተው ትሞትብኛለች። ሁለተኛ አልችልም።»

«ሜላት፣ በእናትሽ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ ጋሽ ናሆም። «የጻፈ ሰው መሰረዝ አይችልም?»

መጽሐፉ የኔን መርዶ አርድቷል፤ ግን የሳቸው ልጅ ናት። ጋሽ ናታን ሰሌዳውን አወጡ። እኚህን ሽማግሌ አቁሜ በመጽሐፍ ለተጽናናች አንዲት ፋርማሲስት ብዬ ልከራከር ነው? አንገቴን ደፍቼ መዳፌን ዘረጋሁ።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ ጋሽ ናሆም። እንባቸው መጣ። «አሁን እሁድ ስትደውል እነግራታለሁ። በጣም ነው ደስ የሚላት።»

እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ማን ስትደውል?»

«ሄራን ናታ! ፊልሙን ከጀመሩ ወዲህ ትደውልልኛለች፤ እነሱ ናቸው ያገናኙን። ፊልሙ ከወጣ አይቋረጥም ብለውኛል።»

ጋሽ ናታንን አየኋቸው። ዓይናቸውን አሸሹ።

«ምን ትልዎታለች?» አልኩ።

«እመጣለሁ ትለኛለች። ቀኑን አልነገረችኝም እንጂ።» ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። «እኔም ማለዳ ማለዳ እየለባበስኩ እጠብቃታለሁ።»

መዳፌን ሰብስቤ ወንበር ሳብኩ።

«ጋሽ ናሆም፣ ይቀመጡ።»

«ቃልሽን ሳልሰማ—»

«ቃሌን ልነግርዎት ነው። ይቀመጡ።»

ውኃ ቀድቼ አመጣሁ። ጋሽ ኪሩቤልን በቀኛቸው፣ ጋሽ ናታንን በግራቸው እንዲቆሙ በእጄ አሳየኋቸው። ዳኛው ሳያስቡት ሄደው ቆሙ። ጋሽ ኪሩቤል ግን የስንት ዓመት የእድር ሊቀመንበር ናቸው፣ ብዙ ሰው አርድተዋል፤ ምን ላደርግ እንደሆነ ከማንም ቀድመው ገባቸው።

«ሜላት፣ ተይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይሞቱብሻል።»

«እርስዎ ይንገሯቸው ታዲያ።»

ጋሽ ኪሩቤል ግን እንደ ልማዳቸው የጋሽ ናሆምን ክንድ ጥብቅ አድርገው ያዙ። ጋሽ ናሆም አንዴ እኔን፣ አንዴ የያዟቸውን እጆች አዩ። አስተያየታቸው ሲለወጥ አየሁት። በጣም ፈራሁ፤ መድኃኒቴ ሁሉ ፋርማሲ ነው፣ ልባቸው ቢቆም የማደርገው የለኝም።

ፊት ለፊታቸው በርከክ አልኩ።

«ጋሽ ናሆም፣ ልጅዎ ሄራን አርፋለች» አልኩ። «የምትደውልልዎት እሷ አይደለችም። አትመጣም።»

ግድግዳው ወዲያው በራ። «ጋሽ ናሆም፣ የልብ ምትዎ ጨምሯል። የሚያረጋጋ ትዕይንት እከፍታለሁ» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ከበሮው ተሰማ፤ ፀዳለ፣ ማለት የሄራን ፊት፣ ግድግዳውን ሞልታ እየሳቀች ከመንኮራኩሩ ወረደች። «አባዬ!» አለች። ፊልሙ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም።

ጋሽ ናሆም ወደ እሷ ሊነሡ ሞከሩ። ልተዋቸው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ያን ፊት አይቼ ልቤ ተሸንፎ ነበር። ያልለቀቋቸው ጋሽ ኪሩቤል ናቸው። በአንድ እጃቸው እንደያዟቸው በሌላው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ግድግዳው ላይ ወረወሩት። ጋቢው የግድግዳው መብራት ላይ ተንጠልጥሎ ፊቷን ሸፈነ። ሳቁ ከጨርቁ ሥር ትንሽ ቀጠለና ድምፁን ሳጠፋው ቆመ።

«እውነቷን ነው ወንድሜ» አሏቸው ጋሽ ኪሩቤል። «አርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ጋሽ ናሆም እጃቸውን ወደ ከረባታቸው ወሰዱ፣ ቋጠሮውን ፈለጉ፣ አልፈታ አላቸው። ጎተቱት። ከዚያ ከደረታቸው ውስጥ የወጣውን ድምፅ ልጽፈው አልችልም። «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ወደፊት ተደፉ፤ በግራና በቀኝ የያዟቸው ሰዎች ባይኖሩ ወለሉ ላይ ይወድቁ ነበር።

ጋሽ ናታን ለመዳፌ የመጡ ሰው ናቸው። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ሥራ ጨርሶ መውጣት አይቻልም። እንደ ዳኛ ቢሆን ይሄዱ ነበር፤ እንደ ሰው ይሉኝታ ያዛቸው። ሰሌዳውን ወንበር ሥር ገፉት፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፣ መጀመሪያ ለወጉ፣ ቆይተው ግን የምራቸውን ማልቀስ ጀመሩ። ጎረቤቶቼ ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መግባት ጀመሩ። ሳያመሰግኑኝ የሚወጡት ደንበኞቼ ናቸው። ማንም ስለ ፊልሙ አላነሣም። አንዷ ገብታ ጋሽ ናሆምን ትከሻቸውን ይዛ፣ ማን እንደሞተባቸው እንኳ ሳትጠይቅ አብራ አለቀሰች።

ኤዶም ከመኪናዋ ወርዳ የሰዉን መሐል እየገፋች ገባች። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሰሌዳውን በዓይኗ ፈለገች፣ አገኘችው፣ ልታነሣው ጎንበስ አለች። ሁሉም ሰው ዞሮ አያት። እጇን መለሰች።

«ማን ነው የሞተው?» አለችኝ።

«ሄራን። ልጃቸው ናት።»

«መቼ?»

ጋሽ ኪሩቤል ዓመቱን ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ናሆም ቀና አሉና ቀደሟቸው።

«አሁን» አሏት።